የመርዟ ድምፅ

መስከረም 19

ይድረስ ለእታለሜ፣

ይህች ወረቀት በጤና ታግኝሽ፤ ካገኘችሽም መልስ እንድትሰጪ ልብሽን ያራራልኝ። እኔ ጉልበቴን ደረጃ ሲበዛበት ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ያንቺን ደህንነት ግን ከማን ልስማ? ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩ። ዘጠኝ! አራት የድምፅ መልእክት ላክሁ። መስማቱን ሰምተሻል፤ ምልክቶቹ ሰማያዊ ሆነዋል። ታዲያ ይህ ጆሮ ዳባ ልበስ ምን የሚሉት ነው? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ።

ይህን የምጽፍልሽ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው የሊፍት ሞተር ክፍል ነው። ምሳዬን የምበላውም፣ ድራማሽን የማየውም እዚሁ፣ ስልኬን የመፍቻ ሣጥኔ ላይ አቁሜ ነው። አብሮኝ ሊፍት የሚጠግነው ሰውዬ ትናንት በትከሻዬ በኩል አጮልቆ "ይህች ክፉ ሴትዮ ማን ናት?" አለኝ። "እኅቴ ናት" አልኩት። ደነገጠ። ተዋናይዋ የባዕድ ሰው እንደሆነች፣ በእኛ ቋንቋ የሚናገርላት ግን ያንቺ ድምፅ እንደሆነ አስረዳሁት። የዚህ አገር ሰው ነውና ቋንቋችንን አንድ ቃል አይሰማም፤ ክፋቷ ግን ገብቶታል። ተመልካቹ ሁሉ "መርዟ" እያለ ነው የሚጠራት ስለው "ሲያንሳት ነው" አለኝ። እንግዲህ ደስ ይበልሽ።

አፑ ግን ዕድሜዬን እያሳጠረው ነው። ትናንት እዚህ የነበረው ቁልፍ ዛሬ የለም። "አፕዴት ተደርጓል" ይላል። ማን ለመነህ? መርዟ ምራቷን በጥፊ ልትላት እጇን ስታነሣ፣ የሻምፑ ማስታወቂያ። ሻምፑው ሲያልቅ ጥፊው አልፏል፤ ምራትየዋ ጉንጯን ይዛ ታለቅሳለች። ወደኋላ ልመልስ ስል ደግሞ ሌላ ሻምፑ። ሦስተኛውን ክፍል ስጀምር "አሁንም እያዩ ነው?" ብሎ ይጠይቀኛል። የለም፣ ስልኬን ከፍቼ ግድግዳውን እያየሁ ነው!

አስተያየት ካልሰጠሁ ወንድምሽ አይደለሁምና ልጨምር። ክፍል 209 ላይ "ውጪልኝ ከቤቴ!" ከማለትሽ በፊት የሳብሽው ትንፋሽ ጎማ የሚነፋ ሰው ነው የሚመስለው። ሳቁንም ታበዢዋለሽ፤ ክፉ ሰው ያን ያህል አይስቅም። እንዳትቀየሚኝ።

በይ ስልክሽን አንሺ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 11

ለወንድምዓለሜ፣

ጤናና ትዕግሥት ይብዛልህ። ትዕግሥቱ ከበዛልህ ለኔም ይተርፈኛል ብዬ ነው የምመርቅህ። ጉልበትህን ሞቅ ባለ ውሃ ያዘው፣ ደረጃም ቀንስ። ሊፍት እየጠገንክ ደረጃ የምትወጣ ሰው አንተን ብቻ ነው የማውቀው።

ስልኩን ተወው። ያ የመልእክት አፕ አዲስ አሠራር ገባ ብሎ ዘጋብኝ። ፓስዎርድ አስገቢ አለኝ፤ አስገባሁ። ተሳስተሻል አለኝ። እሺ ልቀይረው ብዬ ያንኑ ደግሜ ብጽፍለት "አዲሱ ከድሮው ጋር አንድ መሆን አይችልም" አለኝ። ድሮውን ካላወቀው ከምን ጋር ነው አንድ የሆነበት? ቀጥሎ ሮቦት አለመሆኔን እንዳረጋግጥለት የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጪ አለኝ። መብራቱን መረጥኩ። ምሰሶውስ ይቆጠራል አይቆጠርም? ሦስት ጊዜ ጣለኝ። በሱ ቤት እስካሁን ሮቦት ነኝ።

በተራ ስልክ ብትደውልም አላነሣም። ቀኑን ሙሉ በማይክ ፊት ስጮህ ውዬ ቤቴ ስገባ አፌን መክፈት ያስጠላኛል። ደብዳቤ ይሻለኛል፤ አንተም በወረቀት ላይ ስትሆን ጨዋ ነህ።

ሥራው እንደምታውቀው ነው። ያው ግድግዳው ስፖንጅ የተለጠፈበት ክፍል፣ ያው መስኮት የሌለው ሙቀት። ድምፅ ቀጂው ወንበሬ ሲጢጥ ባለ ቁጥር "ከላይ እንጀምር" ይላል። ሰፈር ውስጥ ያወቁኝ ሁሉ የመርዟን ዕዳ የሚጠይቁት እኔን ነው። ባለሱቋ ሳሙና ልገዛ ስገባ "ያቺን የድሃ ልጅ ምን አድርጊ ትያታለሽ?" ብላ በሰው ፊት ተቆጣችኝ። ፈገግ ብዬ ሳሙናዬን ይዤ ወጣሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ስለ ትንፋሼና ስለ ሳቄ የምትለውን ለጊዜው አቆየው። ሌላ ጻፍልኝ። ስለ ሊፍት ጻፍልኝ።

እኅትህ


ኅዳር 4

ይድረስ ለእታለሜ፣

ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላም ይሁንልሽ። ጉልበቴን እንዳልሽኝ በሙቅ ውሃ ይዤዋለሁ፤ ለውጥ የለውም፣ ግን ታዝዣለሁ።

ስለ ሊፍት ጻፍ ብለሻል። እነሆ፦ ሕንፃው ውስጥ የሚናገር ሊፍት አስገቡ። "በሩ ሊዘጋ ነው። በሩ ተዘግቷል። ወደ ላይ በመሄድ ላይ ነን።" ዓይን ያለው ሰው ሁሉ እያየው! ያው ለማያይ ሰው ይጠቅማል፣ እሱን አልቃወምም፤ ግን ድምፁ ከፍ ብሎ መጥቶ ስድስተኛ ፎቅ ያሉት የጥርስ ሐኪም በቀን ሁለቴ እየጠሩኝ "ዝም አሰኝልኝ፣ በሽተኞቼ እየደነገጡ ነው" ይላሉ። ለመቀነስ አፕ አውርድ ተባልኩ። አፑ ደግሞ የተወለድኩበትን ቀን ይጠይቃል። ለሊፍት ድምፅ የኔ ልደት ምኑ ነው?

አሁን የከለከልሽኝን ልናገር ነው፤ ምስጋና ስለሆነ ይቅር ትይኛለሽ። ምክሬን ሰምተሻል! እንዲያውም ደብዳቤዬ ሳይደርስሽ ነው መሰል የገባሽ። ከክፍል 218 ወዲህ ሌላ ሰው ነሽ። ያ ትንፋሽ ጠፍቷል። ቃላቱ አንድ በአንድ፣ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ ጥርት ብለው ነው የሚወጡት። ሳቁንም ቀንሰሽዋል። 226ን ሁለቴ አየሁት። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ስትቆዪ እንዲህ አምሮልሽ አያውቅም። ሰውዬውንም ጠርቼ "እኅቴ ይኸውልህ" አልኩት። እንግዲህ ከኔ አፍ ምስጋና በዓመት አንዴ ነው፤ አስቀምጪው።

አሁንማ ደስ ብሎሽ ትደውያለሽ።

የሚኮራብሽ ወንድምሽ


ታኅሣሥ 21

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ባልመልስልህ ይሻል ነበር፤ ግን ምስጋናህን አስቀምጪው ስላልከኝ የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ።

ከ218 ወዲህ ያለው እኔ አይደለሁም።

ነሐሴ ውስጥ ድምፄ ይቆራረጥ ጀመር። የጉሮሮ ሐኪሙ በቀጭን ካሜራ አይቶ የድምፅ አውታርሽ ላይ እብጠት አለ አለኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ጩኸት ነው። ሁለት ወር አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ አዘዘኝ፤ ማንሾካሾክም ክልክል ነው። ስልክህን ያላነሣሁት ለዚህ ነው። አልነገርኩህም፤ ብነግርህ ሥራህን ጥለህ ትመጣለህ፣ ባትመጣም በቀን አሥሬ ትደውላለህ፣ እኔ ደግሞ መመለስ አልችልም። በእኔ ቤት ሁለት ወር ይቻላል ብዬ ነበር። እብጠቱ አልሟሽሽ አለና ኅዳር ላይ ትንሽ ቀዶ ሕክምና አደረጉልኝ። እንደገና ዝምታ። ባለሱቋ ዘንድ ፈገግ ብዬ የወጣሁት ትሕትና እንዳይመስልህ።

ድርጅቱን አስፈቅጄ ነው የወጣሁት። ሥራ አስኪያጁ "ተኝተሽ ታከሚ፣ ቦታሽ ቦታሽ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቦታዬን ለሰው አልሰጠም። በሁለተኛው ወር ቤቴ ቁጭ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። መርዟ ወጣችና በኔ ድምፅ ተናገረች። አንገቴ ላይ መሐረብ አስሬ፣ አፌን ዘግቼ ተቀምጫለሁ፤ ድምፄ ግን ከስልኩ ውስጥ ያላልኩትን ይላል። እጄን ጉሮሮዬ ላይ አደረግሁ። ሳላውቅ እየተናገርኩ እንደሆነ ላረጋግጥ ነው፤ አትሳቅብኝ።

ኮምፒውተር ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ቅጂዬን አስተምረውታል። ብጽፍላቸው "ተስማምተሻል" አሉኝ። አምና የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ አፕ ሲያስገቡ አርባ ገጽ ጽሑፍ መጥቶ ነበር፤ ከታች "አንብቤ ተስማምቻለሁ" ይላል። ነካሁት። ካልነካሁት ሰዓቴ አይመዘገብም ነበር። አንተስ አንብበህ ታውቃለህ? ማንስ ያነባል?

ይህን ሁሉ ምራቄን ውጬ ችዬው ነበር። ጎረቤት "ጎበዝ፣ አሁን አማረብሽ" ሲለኝ ቻልኩት። የአንድ ማሕፀን ልጅ፣ አንድ አልጋ ላይ ሆነን በጨለማ ስናወራ ያደግን ወንድሜ፣ "እንዲህ አምሮልሽ አያውቅም" ሲለኝ ግን ቆሽቴ አረረ። ትንፋሹ ጠፋ ብለህ አመሰገንከኝ። የጠፋው እኔ ስለሌለሁ ነው።

አሁን ምንም እንድትመልስልኝ አልፈልግም።

እኅትህ


ጥር 2

እታለሜ፣

ምን ብዬ ሰላምታ ልስጥሽ? ጉሮሮሽን ፈጣሪ በእጁ ይዳስስልኝ። አትመልስልኝ ብለሻል፤ ይህን ያህልማ አትጨክኚብኝ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሊፍት ውስጥ ነው። ሦስት ጊዜ ላይና ታች አድርሶኛል፤ ያ ለፍላፊ "በሩ ተከፍቷል" ሲል መውረዴን እረሳለሁ። ከዚያ ሞተር ክፍል ገብቼ 217ንና 218ን አከታትዬ ሰማሁ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ስክሪኑን ገልብጬ ሰማሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ውሸት ብጨምርበት ይብስብኛል። መለየት አልቻልኩም። ካንቺ ወረቀት በኋላም አልቻልኩም። ለአምስተኛ ጊዜ ስሰማቸው ነው አንድ ነገር የገባኝ። 217 ላይ ምራትየዋ ስታለቅስ መርዟ ዝም ትላለች፤ በዝምታው መሐል ግን አንቺ አለሽ፣ ምራቅሽን ስትውጪ ይሰማል። 218 ላይ ዝም ስትል ማንም የለም። ይኼን ነው ጥራት ያልኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የኔስ ለእኅቴም ባዳ ሆነ።

ደሜ ፈልቶ አፑ ላይ አቤቱታ ጻፍኩ። ረጅም ነው፣ ስድብ የለበትም፣ ከሁለት በስተቀር። ወዲያው መለሱልኝ። "ውድ ደንበኛችን፣ ድራማውን ስለወደዱት ደስ ብሎናል! ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጡናል?" አንድ ሰጠሁ። "ስለ አንዱ ኮከብ እናመሰግናለን! ለወዳጅዎ ያጋሩ።" ሰው ስጡኝ ብዬ ጻፍኩ። "ሰው" የሚል ርእስ ያላቸውን ሦስት ፊልሞች አቀረቡልኝ። ስልኩን ልወረውረው ነበር፤ ገና አዲስ መሆኑ አዳነው።

አፑን አጥፍቼዋለሁ። ላጠፋው ስል ደግሞ "እርግጠኛ ነዎት?" አለኝ፤ ሁለት ጊዜ።

ምን ላድርግልሽ? ልምጣ? ሰው ላናግር? ዝም ልበል? አንቺ የፈለግሽውን ንገሪኝ። ድምፅሽ ሲመለስ ግን መጀመሪያ ለኔ ደውዪ። እባክሽ።

ያፈረ ወንድምሽ


የካቲት 5

ለወንድምዓለሜ፣

ልብህም ጆሮህም ይረጋጋ። አልመጣህም፣ እሰይ። ተቆጥቼብህ ነበር፤ አሁን ቁጣው ወደሚገባው ቦታ ሄዷል።

ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት ተናገሪ አለኝ። "ምን ልበል?" አልኩ፤ ማን እንዳለው ለማየት ዞር አልኩ። ድምፄ ወርዷል፣ ሻክሯል። ከጉድጓድ ውስጥ የሚጠራ ሰው ይመስላል። "ይመለሳል?" ብዬ ብጠይቀው "ይኸው እኮ ነው የተመለሰው" አለኝ።

ከዚያ ድርጅቱ ሄድኩ። ስፖንጁ ክፍል ውስጥ ካርቶን ደርድረውበታል። ሥራ አስኪያጁ "እንኳን እግዜር ማረሽ!" ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። ወንበር ሰጠኝ።

"እንደምታውቂው ኮምፒውተሩ ንግግሩን ይዞታል" አለኝ። "የሚያቅተው ለቅሶና ሳቅ ነው። ሲያለቅስ የሚያስነጥስ ነው የሚመስለው። እና አንቺ በወር አንድ ቀን እየመጣሽ ለቅሶውንና ሳቁን ብቻ ብትሰጪን?"

"ለቅሶና ሳቅ ብቻ?"

"ብቻ። ቃል አታወጪም። ለጉሮሮሽም ጥሩ ነው።"

"ድምፄ ተለውጧል፤ አይገጥምም" አልኩት።

"እሱን እናስተካክለዋለን። ለቅሶ ምን ድምፅ አለው?"

ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። "251 ላይ የመርዟ ወንድም ይሞትና ትልቅ ለቅሶ አለ፤ ከሱ ብንጀምር" እያለ ቀጠለ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔ ግን ሌላው ለሚናገረው ሐዘን እንባ አላዋጣም አልኩት። ይልቅ ስሜን ከድራማው መጨረሻ አውጡልኝ አልኩ። "ቅጹ አፑ ላይ አለ" አለኝ። ወንድሜ፣ ቅጹ ምክንያት ይጠይቃል፦ "ስሜ በስህተት ተጽፏል፣" "ስሜን ቀይሬያለሁ፣" "ሞቻለሁ።" ሌላ ምርጫ የለም። ሞቻለሁ የሚለውን አልነካም ብዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁለት። "አንተው ምረጥልኝ፣ እዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ" አልኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ድምፅ ቀጂውን ጠርቶ በእጅ አስጠፋው። ድምፅ ቀጂው እስከ በሩ ሸኘኝና "ያቺ ወንበር እኮ አሁንም ሲጢጥ ትላለች" አለኝ፤ ሌላ የሚለው ጠፍቶት ነው።

251 ትናንት ወጣ። መርዟ ሬሳው አጠገብ ቆማ "ወንድሜ፣ ወንድሜ" ትላለች፤ ልክ የባንክ ማሽን "ካርድዎን ይውሰዱ" እንደሚለው። ዛሬ ሱቅ ብገባ ባለሱቋ ዓይኗ ቀልቷል። "ክፋትሽን እችለው ነበር" አለችኝ። "ወንድምሽ ሞቶ አንዲት እንባ? አንዲት?"

"እኔ አልነበርኩም" አልኳት። በዚያ ሱቅ አፌን ስከፍት ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ደነገጠች። "ጉንፋን ነው?"

"አይ፣ ድምፄ ነው።"

ቁጭ አድርጋኝ ሁሉንም አስነገረችኝ። ከዚያ እሷ አለቀሰች፤ ለኔ ይሁን ለመርዟ ወንድም አልለየሁም።

የሬድዮ ድራማ የሚሠሩ ሰዎች የአንዲት አሮጊት ዳኛ ቦታ አለ ብለውኛል። ዓርብ በዚህ ድምፅ ሄጄ እሞክራለሁ። እሁድ በምሳ ሰዓትህ እደውላለሁ። አዲስ ቁጥር ነው፣ አንሣ።

እኅትህ


የካቲት 24

ይድረስ ለእታለሜ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ለኔም ማስተዋል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ነው። ከእሁዱ ስልክ አሥራ አምስት ቀን ዘግይቶ! "አንሣ" የሚለውን አሁን ነው ያነበብኩት። በስልክ ተሳስቀን ያለፍነውን በወረቀት ልድገመው፤ በሳቅ ሊታለፍ አይገባም።

በዚያ እሁድ ለአስቸኳይ ጥገና ተጠርቼ ሊፍቱ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። የማላውቀው ቁጥር ጠራ። "ሰላም፣ እንደምን ዋልክ" አለ አንድ ሻካራ ድምፅ። ኢንተርኔት የሚሸጡት መስለውኝ "አልፈልግም" ብዬ ዘጋሁ። ደግመሽ ደወልሽ። "ወንድምዓለም" አልሽ። እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ካንቺ በቀር የለም። እኔ ግን አጭበርባሪዎች በኮምፒውተር ዘመድ እየመሰሉ ይደውላሉ ሲባል ሰምቼ ነበርና "ዘመድ ስትመስሉ እንኳ ድምፁን አስተካክሉት!" ብዬ ጮህኩብሽ። ዘጋሁ። ሦስተኛው ላይ ሰላምታም አላልሽ። "አንተ ድንጋይ ራስ፣ ጆሮ የተሰጠህ መነጽር እንዲይዝልህ ብቻ ነው?" አልሽኝ።

የመፍቻ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው መብራቱን ፊቴ ላይ አብርቶ "ምን ሆንክ?" ሲለኝ "እኅቴ ናት" አልኩት፤ ሌላ አልወጣኝም።

ስለ አሮጊቷ ዳኛ ስትነግሪኝ፣ ቦታውን እንዳገኘሽ ስትነግሪኝ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አልኩ። ከዚያ "ስለ ድምፄ ምን ትላለህ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። ዝም አልኩ። "መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?" አልሽ። እኔም "አዎ፣ እዚህ ኔትዎርክ የለም" አልኩ። ነበረ። ሙሉ ነበር።

መልሴ ይኸው። አልለመድኩትም። ሁለት ጊዜ ባዕድ ብዬ ዘግቼበታለሁ። አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ ላስታውሰው ስሞክር የሚመጣልኝ የድሮው ነው። ያማረ ነው ብልሽ እንደ ኅዳሩ ምስጋናዬ ይሆናል፤ አስቀያሚ ነውም አልልሽ፣ ገና አላውቀውም። እና እሁድ ደውዪልኝ። ሰኞም ደውዪልኝ። የምትነግሪኝ ነገር ባይኖርሽ የሳሙና ዋጋ ንገሪኝ። ካልታወቀኝ ስደቢኝ፤ እስክለምደው ደውዪ።

ወንድምሽ